በልብ ወለዴ ገዳዩ ይቅር ተባለ፤ አንባቢዎቼ ግን አላመኑኝም

ጥያቄ፦ የማታ ብዕር (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁ። ከሁለት ዓመት በላይ ስጽፈው የቆየሁት ፋንታሲ ልብ ወለድ አለኝ። መጨረሻው ላይ ስደርስ ቆመብኝ። ቀን ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው። የምጽፈው ማታ፣ ልጆቼ ከተኙ በኋላ ነው። ምክራችሁን ስለምፈልግ ታሪኩን ከነምክንያቱ ልንገራችሁ።

አገሪቱ ሰባት ገደል ትባላለች። በየትኛውም ካርታ ላይ የለችም። መልኳን ግን ከምኖርበት ነው የወሰድኩት። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሐረጎ ቁልቁል የወረደ ሰው ያውቃታል። ጠዋት ከሥር የሚነሣውን ጉም፣ መንገዱ ሲጠማዘዝ ሆድ ውስጥ የሚላወሰውን ነገር፣ ሁሉንም አስገብቼዋለሁ።

በሰባት ገደል እስር ቤት የለም። ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ሰንሰለት ይታሰራሉ። አንዱ ቀለበት በከሳሽ እጅ፣ ሌላው በተከሳሽ እጅ ይገባል። ዳኛ ዘንድ እስኪደርሱ አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይበላሉ፣ ጎን ለጎን ይተኛሉ። ይሄን እኔ አልፈጠርኩትም። ቁራኛ ማለት ይሄ ነበር። በድሮው ሥርዓት ባለዕዳና አበዳሪ፣ ከሳሽና ተከሳሽ በሰንሰለት ወይም በነጠላቸው ጫፍ ተቋጥረው ዳኛ ፊት ይቀርቡ ነበር። ዛሬም «በዓይነ ቁራኛ ጠብቂው» እንላለን። እኔም ስንት ዘመን ስለው ኖሬ፣ ሁለት ሰው በአንድ ብረት ታስሮ ሲሄድ ታይቶኝ አያውቅም ነበር። አንድ ቀን ታየኝ። መጽሐፉ የተጀመረው ያን ቀን ነው።

ከራሴ የጨመርኩት አስማት አንድ ብቻ ነው። ከሁለቱ አንዱ ሲዋሽ፣ በዋሸው በኩል ያለው ቀለበት ይከብዳል።

ባለታሪኬ እልፌ ትባላለች። የ16 ዓመት ወንድሟን ጉልላት የሚባል ሰው በመስኖ ውሃ ተራ ተጣልቶ ገደለው። ሁለቱ ታስረው እስከ ዋናው ችሎት 9 ቀን ይጓዛሉ። መጽሐፉ በሙሉ ይሄ መንገድ ነው። በ9ኛው ቀን ጉልላት አለቀሰ። እልፌ «ይቅር ብዬሃለሁ» አለችው። ሰንሰለቱ በራሱ ጊዜ ተፈቶ ወደቀ። ጉሙም ተገፈፈ። አለቀ።

ባለፈው እሑድ ቡና አፍልቼ ለሦስት ጓደኞቼ አነበብኩላቸው። አንዷ «ቆንጆ ነው፤ ግን ስብከት ሆነብኝ» አለች። ሁለተኛዋም እንደዚያው። ሦስተኛዋ ወንድሟን በሰው እጅ ያጣች ናት። ወረቀቱን አጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችውና «የሞተው ልጅ የት ገባ?» አለችኝ። ሁለተኛውን ሳትጠጣ ተነሥታ ሄደች።

ጥያቄዋ ያመመኝ የራሴ ጥያቄ ስለነበረ ነው። ልጅ ሆኜ እናቴ ቤተ ክርስቲያን ስትወስደኝ ግድግዳው ላይ የበላዔ ሰብ ሥዕል ነበር። ታሪኩን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። 78 ሰው የበላ ሰው ነው። አንድ በጥም የተቃጠለ ለምጻም በእመቤታችን ስም ሲለምነው ጥርኝ ውሃ ሰጠው። ሲሞት ነፍሱ ተመዘነች። በአንድ ወገን 78 ነፍስ፣ በሌላ ወገን ያቺ ጥርኝ ውሃ። እመቤታችን ጥላዋን ውሃው ላይ ጣለችና ውሃው መዘነ። ዳነ።

ሰባት ወይም ስምንት ዓመቴ ነበር። «እማዬ፣ የተበሉትስ?» አልኳት። ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ዝም አለች። ቤት ከደረስን በኋላ፣ ሽንኩርት እየከተፈች፣ «ለእነሱም እሷው ታለቅስላቸዋለች» አለችኝ። ያ መልስ እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ። ግማሹ ያጽናናኛል። ግማሹ ግን አልበቃኝም።

«ለምን እውነተኛ ታሪክ አትጽፊም?» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። በ2014 ጦርነቱ ከተማችን ገብቶ ወጥቷል። ሁሉም ቤት ውስጥ ስም አለ። እውነተኛ ቦታና እውነተኛ ዘመን ብጽፍ አንባቢዬ ከሁሉ በፊት «የማን ወገን ናት?» ብሎ ነው የሚገልጠኝ። በሰባት ገደል ማንም ወገን የለውም። አንባቢ እልፌን ያለ ጥርጣሬ መከተል ይችላል። ፋንታሲን የመረጥኩት ለዚህ ነው። ከእውነት ለመሸሽ አይደለም።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይሄ ነው። ምሕረት የሚባለውን ነገር ከልቤ አምንበታለሁ። መጽሐፌ ውስጥ ስብከት ሳይሆን እንዴት ላስገባው? ደግሞስ፣ የሞተውን ልጅ ሳልበድል ይሄን መጨረሻ መጻፍ እችላለሁ?

ናሙና እንዲሆናችሁ ምዕራፍ 3ን አያይዤላችኋለሁ። ጠቅላላው 412 ገጽ ነው።


መልስ፦ የመጽሐፍ ሰው (አዲስ አበባ)

እህቴ፣ የሰንሰለቱ ሐሳብ በጣም ግሩም ነው። ችግሩም እዚያው ላይ ይመስለኛል።

እልፌ ይቅር ስትል ሰንሰለቱ ወደቀ። እንግዲህ ይቅር ማለቷ ለራሷ ነፃነት አመጣላት ማለት ነው። እጇ 9 ቀን ቆስሏል። ደክሟታል። ቤቷ መግባት ትፈልጋለች። አንድ ቃል ስትናገር ይሄ ሁሉ አበቃ። አንባቢ ይሄን በቃል ባይናገረውም ይሰማዋል። ይቅርታዋ ከልብ ይሁን ከድካም መለየት አይችልም። አስማትሽ ለእልፌ ዋጋዋን ከፈላት። ጉሙ ሲገፈፍ ደግሞ ሰማዩ ራሱ አጨበጨበላት።

ሁለተኛው ነገር ጉልላት ነው። አለቀሰ፣ ተለወጠ። የእሱ መለወጥ ለይቅርታዋ ማስረጃ ሆነ። «አያችሁ፣ ትክክል ነበረች» የሚል ይመስላል።

እዚህ ላይ የእንግሊዛዊውን የፋንታሲ ጸሐፊ የቶልኪንን የቀለበት ታሪክ ላንሣ። በ1954 እና በ1955 እ.ኤ.አ. በሦስት ጥራዝ የወጣው ነው። ጸሐፊው በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ ብዙ ሰው ባለቀበት በሶም ውጊያ ላይ የተዋጋ ሰው ነው። ስለ ምሕረት ሲጽፍ ሞትን ሳያይ አይደለም። ጀግናው ፍሮዶ ክፉውን ቀለበት እሳት ውስጥ ጥሎ ሊያጠፋ ያን ሁሉ መንገድ ተጉዞ፣ እሳቱ አፍ ላይ ሲደርስ አልጥልም ይላል። ጀግናው ይወድቃል። ዓለሙ የሚድነው ቀለበቱን ሲመኝ በኖረው በጎለም ምክንያት ነው፤ ነጥቆት አብሮት እሳቱ ውስጥ ይወድቃል። ጎለም እዚያ ቦታ የተገኘው ደግሞ ከብዙ ዓመት በፊት የፍሮዶ ዘመድ ቢልቦ ሊገድለው ሲችል ስለተወው፣ በኋላም ፍሮዶ ራሱ ስላዘነለት ነው።

ልብ በይ፤ ጎለም ምሕረት ተደርጎለት ደግ አልሆነም። እስከ መጨረሻው ሌባና ከዳተኛ ነበር። ምሕረቱም በተደረገበት ቀን ምንም አላመጣም። ያዘኑለት ሰዎች ምን እንደሚያመጣ ሳያውቁ ነው ያዘኑለት። ፍሮዶም ቢሆን ቁስሉ ሳይድንለት ነው አገሩን ትቶ በመርከብ የሄደው።

እኔ ብሆን ሰንሰለቱ እንዳይወድቅ አደርጋለሁ። ይቅር ትበለው፤ ከዚያም ታስራ ትሂድ። ችሎት ፊትም ቆማ ያየችውን ሁሉ ትናገር።


መልስ፦ የየጁ ሽማግሌ

ልጄ፣ የልጅ ልጄ ነው በስልኩ ያነበበልኝ። መልሱንም የሚጽፍልኝ እሱ ነው።

ፋንታሲ የምትሉትን አላውቀውም። ተረት አውቃለሁ። ደምም አውቃለሁ። በወሎ ደም የሚያደርቁ አበጋሮች አሉ። እኔ አበጋር አይደለሁም፤ ከእነሱ ጋር ግን በሽምግልና አምስት ጊዜ ተቀምጫለሁ። ያንቺን መጨረሻ ሲያነብልኝ እኔም አላመንኩም። ምክንያቱን ልንገርሽ።

ሰው ሲገደል ገዳዩ ከአገር ይወጣል። ሽማግሌ ወደ ሟች ቤት የሚሄደው ጎሕ ሲቀድ ነው። አጥር ውጭ እንቆማለን። አንገባም። ውሃ አንለምንም። እናትየዋ ወይ ሚስቲቱ ትወጣለች። ትሰድበናለች። አመድ የበተነችብንም አለች። ሰምተን እንመለሳለን። ደግመን እንሄዳለን። አንድ ጊዜ ሰባት ወር ተመላልሰናል። ከመሃላችን የነበሩ አንድ ቄስና አንድ ሼህ በዚያ ሰባት ወር ውስጥ ቅጠል ያህል ቀልለው ነበር፤ መንገዱ ዳገት ነው።

«ይቅር በይ» የሚለውን ቃል እኔ ቀድሜ አውጥቼ አላውቅም። አባቴ ናቸው ያስጠነቀቁኝ። ያ ቃል ቶሎ ሲወጣ «ልጅሽን እርሺው» ማለት ይሆናል። መጀመሪያ የምጠይቀው «ልጅሽ ምን ዓይነት ልጅ ነበር?» ብዬ ነው። አንዷ እናት ከጠዋት እስከ ቀትር ነገረችን። ምን መብላት እንደሚወድ። ፍየሎቹን በምን ስም እንደሚጠራ። እግሩን እንዴት እንደሚያንሻፍፍ። እኛ ቆመን ሰማን። በኋላ ተቀመጡ አለችን። የተቀመጥነው በዚያ ቀን ነው።

ከዚያ በኋላ ነው ሌላው ሁሉ። ገዳዩ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ወድቆ ይለምናል። ያደረገውን በአፉ ይናገራል። እውነቱ ሳይወጣ እርቅ የለም። ካሳውንም እሱ ብቻ አይከፍልም፤ ወገኑ ሁሉ ያዋጣል። መሐላ ይማላል። ይሄ ሁሉ ሆኖም ከታረቁት ውስጥ ገዳዩን የወደደ አላየሁም። አንዲት እናት እስክትሞት ድረስ ገዳዩ በሚቀዳበት በኩል ውሃ አልቀዳችም። ማንም አላስገደዳትም። እርቁ ግን ጸና። ሌላ ልጅ አልሞተም።

አባቶቻችን የሚያወሩት አንድ የድሮ ፍርድ አለ። መጽሐፍሽ ውስጥ ይጠቅምሽ ይሆናል። አንድ ልጅ ዛፍ ላይ ወጥቶ ሳለ ወደቀ። የወደቀው ከሥር በቆመው ጓደኛው ላይ ነው። የታችኛው ሞተ። እናት «ደሜ ይመለስ» ብላ ዳኛ ፊት ቀረበች። ሁሉም «ካሳ ውሰጂ» ቢላት እምቢ አለች። ዳኛው «ደምሽ ይመለሳል» አላት። «ይሄ ልጅ ከዛፉ ሥር ይቁም። ሌላው ልጅሽ ከላይ ወጥቶ ይውደቅበት።» እናት ዛፉን ቀና ብላ አየችው። ካሳውን ተቀበለች።

ዳኛው አልሰበካትም። የጠየቀችውን ሰጣት። ከዚያ ራሷ አየችው። አንቺም እልፌን ዛፉን አሳያት፤ ቃሉን አንቺ አትናገሪላት።


የማታ ብዕር (ደሴ)

አባቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የልጅ ልጅዎንም ስለጻፈልኝ አመሰግነዋለሁ። መልስዎን ሥራ ቦታ ሆኜ አነበብኩት። ከመደርደሪያው ጀርባ ሄጄ ትንሽ መቆም ነበረብኝ።

ማታ ቤት ገብቼ ቆጠርኩ። በ412 ገጽ ውስጥ የእልፌ ወንድም በሕይወት ያለው በ4 ገጽ ብቻ ነው። ስም እንኳ አልሰጠሁትም። «ወንድሟ» ብቻ ነው የሚባለው። ጓደኛዬ ትክክል ነበረች።

የመጽሐፍ ሰው፣ ስለ ሰንሰለቱ ያልከው ገብቶኛል። ሌሊቱን ሳስበው ነው ያደርኩት።


መልስ፦ ከነታንያ

ሰላም እህቴ። አማርኛዬ የቤት አማርኛ ነው፤ ስሕተት ካለ ይቅርታ። እዚህ የምጽፈው ስለ መጨረሻው አይደለም። ያያያዝሽውን ምዕራፍ 3 አንብቤ ነው።

በ3ኛው ሌሊት እልፌና ጉልላት በአንድ መንደር በኩል ያልፋሉ። የመንደሩ ሰዎች ቀን ብረት ይቀጠቅጣሉ፣ ሸክላ ይሠራሉ። ሌሊት ጅብ ይሆናሉ። ጉልላት አንዱን ጅብ በድንጋይ ይገድላል። ጎሕ ሲቀድ የሞተው ጅብ ጆሮ ላይ ጉትቻ ያያሉ። በጣም አስፈሪ አድርገሽ ጽፈሽዋል። እጅሽ ጥሩ ነው። ለዚህም ነው ዝም ማለት ያቃተኝ።

እኔ ቤተ እስራኤል ነኝ። ወደ እስራኤል የመጣሁት በ1983 ዓ.ም. ነው፤ በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን በተጓዘበት ጊዜ። ስድስት ዓመቴ ነበር። አያቴ ጎንደር አጠገብ ወለቃ ሸክላ ትሠራ ነበር። ጎረቤቶቿ ሸክላዋን ይገዙ ነበር። በእሷ ድስት ወጥ ይሠራሉ፣ በእሷ ጀበና ቡና ያፈላሉ። ቤቷ ገብተው ግን አይበሉም። ልጅ ሲታመም «ቡዳ በላው» ይባላል፤ ዓይን ሁሉ ወደ እሷ ቤት ይዞራል። ሌሊት ጅብ ሆና ትዞራለች ይሏት ነበር። የጉትቻውንም ተረት ታውቀዋለች። ነግረውኛል ሳይሆን፣ ፊት ለፊቷ ነው የሚያወሩት።

አያቴ ጉትቻ አድርጋ አታውቅም። እናቴንም ጆሮዋን እንዳትበሳ ከለከለቻት። ለምን እንደሆነ የነገረችን እዚህ ከመጣን ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ አውጥተው ነበር። ብረት የሚሠራውን ጠይብ፣ ሸማ የሚሠራውን ቁጢት በጣሽ እያላችሁ አትስደቡ የሚል ነው። ዐዋጁ ስድቡን ከለከለ። ተረቱ ግን ቀጠለ። እነሆ አንቺ ጋ ደረሰ። ክፉ አስበሽ እንዳልጻፍሽው አውቃለሁ። ተረቱ ሲነገር ሰምተሽ ነው ያደግሽው።

ግን እይው። ለገዳዩ 9 ቀን ሰጠሽው። ስም አለው፣ እንባ አለው፣ ይቅርታ አለው። ለዚያ መንደር አንድ ሌሊት ሰጠሽ። ያንንም እንደ ጅብ። መጽሐፍሽ ስለ ምሕረት ከሆነ አያቴ የት ናት?

አንድ ነገር ልጠይቅሽና ላብቃ። የሰባት ገደል ፍርድ ሁሉ የቆመው በሰንሰለቱ ላይ ነው። ሰንሰለቱን ማን ሠራው?


የመጽሐፍ ሰው (አዲስ አበባ)

የነታንያዋ እህታችን ያነሣችውን ነገር እኔ ምዕራፉን ሳነብ አላየሁትም። ማየት ነበረብኝ።

ቶልኪንም ኦርኮች በሚላቸው የክፉው ሠራዊት ጭራቆች ላይ ተመሳሳይ ጭንቀት ነበረበት። አንድ ዘር በሙሉ ክፉ ሆኖ መፈጠሩ ከእምነቱ ጋር አልሄድ ብሎት ከየት እንደመጡ ደጋግሞ እየቀያየረ ጽፏል። ሳይቋጨው ነው የሞተው። ፋንታሲ ስንጽፍ ጭራቅ የምናደርገው ማንን እንደሆነ ቆም ብለን ማየት አለብን። ጭራቅ ስንፈልግ እጃችን መጀመሪያ የሚሄደው ልጅነታችን ወዳስፈራራን ነገር ነው።


የማታ ብዕር (ደሴ)

ሦስት ሳምንት ጠፍቻለሁ፤ ይቅርታ። ስጽፍ ነበር።

እህቴ፣ መልእክትሽን ካነበብኩ በኋላ ሁለት ቀን ምንም አልጻፍኩም። የጉትቻውን ተረት የነገረችኝ የገዛ አክስቴ ናት። በጣም የምወዳት አክስቴ። ማታ እሳት ዳር ሆና ስታወራን እንዴት እንደምንጠጋጋ አስታውሳለሁ። ያን የመጠጋጋት ሙቀት ነበር መጽሐፌ ውስጥ ማስገባት የፈለግኩት። ከሙቀቱ ውጭ ማን ብርድ ላይ እንደቆመ አላሰብኩም። ይቅርታ እጠይቅሻለሁ። አያትሽንም።

ምዕራፍ 3ን ሰረዝኩት። ጅብ የለም። «ሰንሰለቱን ማን ሠራው?» ያልሽው ጥያቄ መጽሐፉን ከሥሩ ለወጠው። አሁን በ6ኛው ቀን የእልፌ ቀለበት አጥንቷን እየበላት ሄደ። ማሳሳል አለባት። ያን ብረት የሚያውቀው ደግሞ የሠራው እጅ ብቻ ነው። ስለዚህ አገሩ ሁሉ በሚሸሸው መንደር ይገባሉ። ቀለበቱን ሁሉ በትውልድ የምትሠራ አንዲት ሴት አለች። የሰባት ገደል ዳኞች በእሷ ብረት ይፈርዳሉ፤ በእሷ ቤት ግን ውሃ አይጠጡም። ማንም የማይጠይቃትን ነገር ታውቃለች። ሰንሰለቱ ሲዋሹበት ለምን እንደሚከብድ የምታውቀው እሷ ናት።

የሞተው ልጅ አሁን ስም አለው። ይርጋ ይባላል። እንደ አባቴ ምክር፣ በየምሽቱ እልፌ ስለ እሱ አንድ ነገር ትናገራለች። ጉልላት አልጠየቃትም። ታስሯል፤ መሸሽ ስለማይችል ይሰማል። መጀመሪያ ለመጉዳት ነው የምትነግረው። በኋላ ግን ለማን እንደምትነግር ራሷም አታውቀውም። ጉልላት የይርጋን ስም መጥራት የሚችለው በ8ኛው ቀን ነው። ያን ሲል ቀለበቱ አይከብድም አይቀልምም። እንደነበረ ነው።

በ9ኛው ቀን ችሎት ይቆማሉ። ሰንሰለቱ አይወድቅም። የሚፈታው የችሎቱ ሎሌ ነው፤ በመዶሻ። ዳኛው «ደም ወይስ ካሳ?» ይላታል። ይቅር የሚለውን ቃል ከዚያ ምዕራፍ በሙሉ አወጣሁት። ምን እንደመለሰች እዚህ አልነግራችሁም። ጓደኛዬ ግን ትናንት አነበበችው። ይርጋ ፍየሎቹን የሚጠራበት ገጽ ላይ ስትደርስ ወደ ኋላ ተመልሳ ደግማ አነበበች። ቡናዋንም እስከ በረካ ጠጣች። ስለ መጨረሻው ምንም አላለችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳት።

አባቴ፣ የዛፉን ፍርድ አልጠቀምኩበትም። ለራሱ መጽሐፍ የሚሆን ነገር ነው። ፈቃድዎ ከሆነ ለሚቀጥለው አስቀምጬዋለሁ።

ከአዲሱ ምዕራፍ 6 ትንሽ ልጻፍላችሁ፦

«ሴትዮዋ በሸክላ ጽዋ ውሃ አቀረበች። እልፌ ጽዋውን አየችውና እጇን ሰበሰበች። ልጅ ሆና የተነገራት ሁሉ ጉሮሮዋ ላይ ቆመ። ሴትዮዋ ምንም አላለችም። ይሄን እጅ ስታውቀው ኖራለች። ጎንበስ ብላ ውሃውን በእልፌ መዳፍ ላይ አፈሰሰችላት። በአንድ መዳፍ አልያዝ አለ፤ በጣቶቿ መሃል ወረደ። ሌላውን እጇን ለማጋጠም ስታነሣ ሰንሰለቱ ያዛት። ጉልላት አየ። እሱም ከትናንት ጀምሮ አልጠጣም። እጁን አነሣላት። ሰንሰለቱ ላላ። እልፌ ሁለቱን መዳፏን ገጥማ ጥርኝ ውሃ ጠጣች። ከዚያ እጇን ዝቅ አደረገች፤ እሱም እንዲደርሰው።»

የነታንያዋ እህቴ፣ አንድ ነገር አንቺ እንድትወስኚልኝ እፈልጋለሁ። ይቺ ብረት ሠሪ ጉትቻ ታድርግ ወይስ አታድርግ? እኔ መወሰን አልቻልኩም። የኔም አልመሰለኝም።


ከነታንያ

እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ አነበብኩላት። «ጽዋውን አልተቀበለችም?» አለችኝ። «አልተቀበለችም» አልኳት። «እውነቷን ነው የጻፈችው» አለች።

ስለ ጉትቻው እሷን ጠየቅኳት። ታድርግ ብላለች። የብር ይሁን፤ ራሷ የሠራችው፤ ከሩቅ የሚታይ።